የደም ግፊት መድኃኒቶች በአፍ፣ በድድ እና በጥርስ ላይ የሚያስከትሉት ለውጥ

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድዱ ሲያብጥ፣ አፉ ሲደርቅ ወይም የምግብ ጣዕም ሲጠፋበት በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ጥርሱን ነው። ክኒኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ነገር ግን ለደም ግፊት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ብዙዎቹ በአፍ ውስጥ ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉ። አብዛኛው ለውጥ ቀላል ነው፤ በጊዜ ከታወቀም ይስተካከላል። አንዱ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊዘጋ የሚችል አደጋ ስለሆነ እርስዎም ቤተሰብዎም ሊያውቁት ይገባል።

ይህ ጽሑፍ የትኛው መድኃኒት ምን እንደሚያመጣ፣ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችሉ፣ ለጥርስ ሐኪምዎ ምን መናገር እንዳለብዎት እና መቼ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ እንደሚገባዎት ይገልጻል።

ከሁሉ በፊት ይህን ያስታውሱ

- በአፍዎ ላይ ለውጥ ስላዩ ብቻ መድኃኒትዎን በራስዎ አያቁሙ። ሳይታከም የቀረ የደም ግፊት ስትሮክን፣ የልብ ድካምንና የኩላሊት ጉዳትን ያመጣል። ብዙውን ጊዜም ምንም የሕመም ስሜት ሳይሰጥ ነው ጉዳቱን የሚያደርሰው።
- ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነው አንድ ነገር ነው፤ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ ቀጣዩን ክኒን ሳይወስዱ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።
- ለአብዛኞቹ ችግሮች መፍትሔ አለ። መድኃኒቱን በሌላ መቀየር፣ መጠኑን ማስተካከል ወይም የአፍ ንጽሕናን ማሻሻል ይቻላል።

መድኃኒትዎ ከየትኛው ወገን ነው?

የደም ግፊት መድኃኒቶች በተለያዩ ወገኖች ይከፈላሉ። በአፍ ላይ የሚያመጡት ለውጥም እንደየወገናቸው ይለያያል። የመድኃኒትዎን ማሸጊያ አውጥተው ስሙን ያንብቡ። የስሙ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ወገኑን ይነግርዎታል።

- መጨረሻው "ዲፒን" የሆነ፦ አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒን፣ ፌሎዲፒን። እነዚህ የደም ሥርን የሚያላሉ፣ ካልሲየም ወደ ደም ሥር ጡንቻ እንዳይገባ የሚከለክሉ ናቸው። ቬራፓሚል እና ዲልቲያዜም በስም ባይመሳሰሉም ከዚሁ ወገን ናቸው።
- መጨረሻው "ፕሪል" የሆነ፦ ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል።
- መጨረሻው "ሳርታን" የሆነ፦ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ካንዴሳርታን።
- መጨረሻው "ሎል" የሆነ፦ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል። የልብ ምትን የሚያረጋጉ ናቸው።
- ሽንት የሚያሸኑ፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ፉሮሴማይድ፣ ስፓይሮኖላክቶን።
- ሌሎች፦ በእርግዝና ጊዜ ብዙ የሚታዘዘው ሜቲልዶፓ፣ እንዲሁም ክሎኒዲን።

አንዳንድ ክኒኖች ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዙ ናቸው። ከማሸጊያው ላይ ሁለት ስም ካዩ ሁለቱንም ይመዝግቡ። ማንበብ ከተቸገሩ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ ወይም ልጆችዎ እንዲያነቡልዎት ያድርጉ።

1. የድድ ማበጥና ማደግ

ይህ በዋናነት የሚታየው ስማቸው በ"ዲፒን" የሚያልቀውን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ቬራፓሚል እና ዲልቲያዜምም ሊያመጡት ይችላሉ። ኒፌዲፒን ድድን እንደሚያሳድግ በሕክምና መጽሔቶች መዘገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አምሎዲፒን ከኒፌዲፒን ያነሰ ቢሆንም ይህን ችግር ሊያስከትል ይችላል። አምሎዲፒን በአገራችን በብዛት ከሚታዘዙት የደም ግፊት መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ ጉዳዩ ብዙ ሰው ይመለከታል።

ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚያብጠው በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ሹል የድድ ክፍል ነው፤ በተለይ በፊት ጥርሶች በኩል። ቀስ በቀስ እየወፈረ ጥርሱን መሸፈን ይጀምራል። ራሱ አያምም። ጥርስ በሌለበት ቦታ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አይታይም።

ለምን ይከሰታል? መድኃኒቱ በድድ ውስጥ ያሉ ሴሎች የሚሠሩትን ማያያዣ ሥጋ እንዲከማች ያደርጋል። በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ፕላክ የሚባለው ነጭ ቆሻሻ ደግሞ ድዱን ያስቆጣዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ድዱ በፍጥነት ያድጋል። ያደገው ድድ በበኩሉ ለመቦረሽ የማይመች ኪስ ይፈጥራል፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቆሻሻ ይጠራቀማል። እንዲህ እያለ ችግሩ ራሱን ይመግባል። በዚህም ምክንያት ድዱ ይደማል፣ አፍ መጥፎ ጠረን ያመጣል፣ ቆይቶም ጥርስ ሊነቃነቅ ይችላል።

ምን ይደረጋል?

- በመጀመሪያ የጥርስ እጥበት ያድርጉ። የደረቀው ቆሻሻ በጥርስ ሐኪም ከተነሣና በየቀኑ በደንብ ከቦረሹ፣ በብዙ ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ሳይቀየር እንኳን እብጠቱ ይቀንሳል።
- ካልቀነሰ የደም ግፊት ክትትል የሚያደርግልዎት ሐኪም መድኃኒቱን ወደ ሌላ ወገን ሊቀይረው ይችላል። ከዚያ በኋላ ድዱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እየተመለሰ ይሄዳል።
- በጣም ያደገና ያልተመለሰ ድድ በጥርስ ሐኪም በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊቀረጽ ይችላል። መድኃኒቱ ሳይቀየርና ንጽሕናው ሳይሻሻል ከተቆረጠ ግን ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።

ድድ የሚደማ ሰው ብሩሹን ይተዋል። የሚደማው በቆሻሻው ምክንያት ስለሆነ መቦረሽን ማቆም ችግሩን ያባብሰዋል። ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ እንጂ አያቋርጡ።

ሁሉም የድድ እብጠት ግን ከግፊት መድኃኒት አይደለም። ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ፌኒቶይን እና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪንም ድድን ያሳድጋሉ። እርግዝና ራሱ ድድን ያሳብጣል። የድድ እብጠቱ ትኩሳት፣ ከባድ ድካም ወይም ያለምክንያት የቆዳ መበለዝ ካለው የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

2. የአፍ መድረቅ

ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ አፍን ከማርጠብ ያለፈ ሥራ አለው። ከምግብ በኋላ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ ያለዝባል፣ የምግብ ቅሪትን ያጥባል፣ ለጥርስ ካልሲየም ይመልሳል፣ ፈንገስንና ባክቴሪያን ይቆጣጠራል። ምራቅ ሲቀንስ እነዚህ ሁሉ ይጓደላሉ።

አፍን በማድረቅ የሚታወቁት ክሎኒዲን፣ ሜቲልዶፓ እና ሽንት የሚያሸኑት ናቸው። በ"ሎል" የሚያልቁትም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ያደርቃሉ። በ"ፕሪል" የሚያልቁት ደረቅ ሳል ያመጣሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስል ሰው ደግሞ አፉን ከፍቶ ስለሚተኛ ጠዋት ደርቆበት ይነሣል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

- ደረቅ እንጀራ ወይም ዳቦ ያለ ውኃ ለመዋጥ መቸገር
- ምላስ ከላንቃ ጋር መጣበቅ፣ ረጅም ሲያወሩ ድምፅ መጎርነን
- ከንፈርና የአፍ ጥግ መሰነጣጠቅ
- በርበሬና ሚጥሚጣ ከቀድሞው በላይ ማቃጠል
- ሰው ሠራሽ ጥርስ መላቀቅ ወይም ድድን መላጥ
- በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ጥርስ መቦርቦር፣ በተለይ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ሥር አካባቢ
- በምላስ ወይም በጉንጭ ውስጥ ሲጠረግ የሚነሣ ነጭ ነገር፤ ይህ ፈንገስ ሊሆን ይችላል

ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

- ውኃ ከአጠገብዎ አይለይ፤ ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮብዎ የሚጠጡት ፈሳሽ ከተወሰነ ግን ከተፈቀደልዎት አይለፉ፤ አፍዎን አርጥበው ይትፉት።
- ስኳር የሌለው ማስቲካ ያኝኩ፤ ምራቅን ያመነጫል።
- አፍን ለማራስ ብለው ከረሜላ አይምጠጡ፣ ለስላሳም አያዘውትሩ። ስኳር ያለው ሻይ ቀኑን ሙሉ መጎንጨትም እንዲሁ ነው። ምራቅ በሌለበት አፍ ውስጥ ስኳር ጥርስን በፍጥነት ያበሰብሳል።
- ሎሚ መምጠጥ ምራቅ ያመጣል፤ ነገር ግን አሲዱ የጥርስን ሽፋን ስለሚሸረሽር ልማድ አያድርጉት።
- አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ፣ ሲጋራ እና መጠጥ ድርቀቱን ያባብሳሉ።
- ጫት አፍን ያደርቃል፤ የደም ግፊትንና የልብ ምትንም ይጨምራል። ጫት ከስኳርና ከለስላሳ ጋር ሲቃም ለጥርስም ለግፊትም ጉዳቱ እጥፍ ነው። የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩ፤ ሐኪሙ መድኃኒትዎን በትክክል ለማስተካከል ይህን ማወቅ አለበት።

የአፍ መድረቅ ሁሉ ከመድኃኒት ነው ብለው አይደምድሙ። አፍዎ እየደረቀ ውኃ ጥም ከበረታብዎት፣ ሽንትዎ ከበዛ ወይም ክብደት ከቀነሱ የስኳር ምርመራ ያድርጉ። ግፊትና ስኳር ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ለአለርጂ፣ ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም አፍ ያደርቃሉ።

3. የጣዕም መለወጥ

"ምግቡ ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል" ወይም "ጨው የበዛበትም የሌለበትም አንድ ሆነብኝ" የሚል ታካሚ ካፕቶፕሪል ወይም ሌላ በ"ፕሪል" የሚያልቅ መድኃኒት እየወሰደ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ ጎልቶ የሚታወቀው ካፕቶፕሪል ነው፤ መጠኑ ከፍ ሲል ችግሩም ይጨምራል። በብዙዎች ላይ መድኃኒቱን እየወሰዱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጣዕማቸው ይመለሳል። ካልተመለሰ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚያሳስበው ነገር ሌላ ነው። ጣዕም የጠፋበት ሰው ወጡ ላይ ጨው ይጨምራል። ጨው ደግሞ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ መድኃኒቱም እንዳልሠራ ይቆጠራል። በቤት ውስጥ የምታበስሉ ቤተሰቦች ይህን ልብ በሉ። ታማሚው "አልጣፈጠኝም" ሲል ከጨው ይልቅ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ ወይም ጥቁር አዝሙድ መጨመር ይሻላል። አረጋውያን ምግብ እየተዉ ክብደት ከቀነሱም ጉዳዩን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

4. ቁስለትና ነጭ መስመሮች

ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ በ"ሎል" እና በ"ፕሪል" የሚያልቁት፣ እንዲሁም ሜቲልዶፓ በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ወይም በምላስ ላይ እንደ ድር የተጠላለፉ ነጭ መስመሮች ሊያመጡ ይችላሉ። አንዳንዴ በመካከላቸው ቀይና የተላጠ ቦታ ይኖራል፤ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ ወይም ትኩስ ነገር ሲነካው ያቃጥላል። ለውጡ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱን ማገናኘት ይከብዳል።

እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ለሐኪም ያሳዩ። በተለይ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የማይድን ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ፣ ወይም ጠጣር እብጠት የአፍ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም መጠጥ የሚያዘወትሩ ከሆነ ከዚህ በላይ አይጠብቁ።

5. የከንፈር፣ የምላስ ወይም የጉሮሮ ድንገተኛ እብጠት

ይህን ክፍል ሁሉም የቤተሰብ አባል ቢያነበው ይመረጣል።

በ"ፕሪል" የሚያልቁ መድኃኒቶችን ከሚወስዱ 1000 ሰዎች ውስጥ ከ1 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ ከንፈር፣ ምላስ፣ ፊት ወይም ጉሮሮ በድንገት ያብጣል። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ይታያል። እብጠቱ ጉሮሮ ላይ ከደረሰ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። በ"ሳርታን" በሚያልቁት ላይም ሊከሰት ይችላል፤ ግን በጣም ያነሰ ነው።

ለማታለል ምቹ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች አሉ፦

- መድኃኒቱን በጀመሩ በቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ዓመታት ከቆዩ በኋላም ሊመጣ ይችላል። "ይህን ክኒን ሦስት ዓመት ወስጄዋለሁ፣ እሱ ሊሆን አይችልም" ማለት ትክክል አይደለም።
- ብዙ ጊዜ ማሳከክና የቆዳ ሽፍታ የለውም። ስለዚህ ሰው የአለርጂ ችግር ነው ብሎ አያስብም፤ የጥርስ እብጠት ወይም የነፍሳት ንክሻ ይመስለዋል።
- መጀመሪያ ቀላል ሆኖ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ከቀጠለ ግን ቀጣዩ እብጠት የከፋ ሊሆን ይችላል።

ምን ያድርጉ? ክኒኑን ያቁሙና ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101 ይደውሉ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱና "ይህን እየወሰድኩ ነው" ብለው ያሳዩ። ለአለርጂ የሚሰጡ የተለመዱ መድኃኒቶች በዚህ ዓይነቱ እብጠት ላይ ብዙ ጊዜ በደንብ ስለማይሠሩ ቤት ውስጥ የአለርጂ ክኒን ውጦ መጠበቅ አደገኛ ነው።

ከዳኑ በኋላ በ"ፕሪል" የሚያልቅ ማንኛውንም መድኃኒት ዳግመኛ መውሰድ የለብዎትም። ኢናላፕሪል ካሳበጠዎት ሊሲኖፕሪልም ያሳብጥዎታል። ይህን በካርድዎ ላይ ያስጽፉ፤ በሄዱበት ሁሉም ይናገሩ።

ጥርስ ሲያምዎት የሚወስዱት ማስታገሻ

ጥርስ ሌሊት ሲያምም ሰው የሚያገኘውን ክኒን ይውጣል፤ ከፋርማሲም ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ ማስታገሻዎች ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ግፊትን ይጨምራሉ፤ የግፊት መድኃኒቱንም ኃይል ይቀንሳሉ። በ"ፕሪል" ወይም በ"ሳርታን" ከሚያልቅ መድኃኒትና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሦስቱ ሲገናኙ ደግሞ ኩላሊትን በድንገት ሊጎዱ ይችላሉ። በተለይ ለአረጋውያንና ተቅማጥ ወይም ትውከት ላለባቸው አደጋው ከፍ ይላል። የዳይክሎፌናክ መርፌም ከክኒኑ የተለየ አይደለም።

ለአብዛኛው የግፊት ታካሚ የመጀመሪያው ምርጫ ፓራሲታሞል ነው። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን በላይ መውሰድ የለበትም፤ የጉበት ሕመም ካለ፣ መጠጥ ከሚያዘወትር ወይም ክብደቱ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ያነሰ መሆን አለበት። ውኃ ውስጥ የሚሟሟውና የሚንተከተከው ዓይነት ሶዲየም ስላለበት ለግፊት ሕመምተኛ አይመረጥም።

አስፒሪን ፈጭቶ በሚያመው ጥርስ ወይም ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥለዋል፤ ሕመሙንም አያስታግሰውም። ማስታገሻ ለአንድ ሌሊት ነው፤ የተበላሸው ጥርስ ካልታከመ ሕመሙ ይመለሳል።

ወደ ጥርስ ሐኪም ሲሄዱ

ለጥርስ ሐኪሙ ሳይጠየቁ እነዚህን ይንገሩ፦

- የደም ግፊት እንዳለብዎትና የመጨረሻው ልኬትዎ ስንት እንደነበር
- የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስምና መጠን፤ ማሸጊያውን ይዘው ቢሄዱ ይመረጣል
- አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ጥርስ ሊነቀል ነው ብለው በራስዎ አያቁሙት፤ ውሳኔው የሐኪሞቹ ነው።
- ከዚህ በፊት ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ አብጦ ከነበረ

በቀጠሮው ቀን የግፊት ክኒንዎን እንደወትሮው ይውሰዱ። "ጥርስ ላስነቅል ስለሆነ ክኒን ሳልወስድ፣ ምግብ ሳልቀምስ መጣሁ" የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በአካባቢ ማደንዘዣ ለሚነቀል ጥርስ መጾም አያስፈልግም። ክኒኑ ከተዘለለ፣ በዚያም ላይ ፍርሃትና ሕመም ከተጨመረ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ከተነቀለ በኋላም ደሙ ቶሎ አይቆምም። ልኬቱ 180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ የጥርስ ሐኪሞች አስቸኳይ ያልሆነውን ሕክምና ያስተላልፋሉ። ይህ ለእርስዎ ደኅንነት ሲባል የሚደረግ ስለሆነ አይቀየሙ።

ከማደንዘዣ መርፌዎች ብዙዎቹ አድሬናሊን አላቸው። እንደ ፕሮፕራኖሎል ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ግፊትን በድንገት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን ይወስናል፤ ለዚህም መድኃኒትዎን ማወቅ አለበት። ለጥርስ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ሲታዘዝልዎትም በ"ዲፒን" የሚያልቅ መድኃኒት እንደሚወስዱ ይናገሩ። ክላሪትሮማይሲን እና ኤሪትሮማይሲን እነዚህን መድኃኒቶች በደም ውስጥ እንዲበዙ በማድረግ ግፊትን ከሚገባው በታች ሊጥሉ ይችላሉ።

ሕክምናው ሲያልቅ ከወንበሩ በፍጥነት አይነሡ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ረጅም ሰዓት ተኝቶ ሲነሣ ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ከዚያ ይቁሙ።

የየቀን ጥንቃቄ

- ጠዋትና ከመኝታ በፊት ለሁለት ደቂቃ ያህል ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹ። ከሁለቱ አንዱን መዝለል ግድ ከሆነብዎት የማታውን አይዝለሉ፤ ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል።
- መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ይለስልስ፤ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ አቅጣጫ ይፋቁ። ከፊት ጥርስ ብቻ ሳይሆን ከኋላና ከውስጥ በኩልም ማድረስ ያስፈልጋል። መፋቂያ ፍሎራይድ ስለሌለው አፍ ለደረቀበት ሰው ብቻውን አይበቃም።
- በጥርስ መካከል ያለውን በጥርስ ክር ያጽዱ። ስቴኪኒ ሥጋ ለማውጣት ይረዳ ይሆናል፤ ያበጠ ድድን ግን ስለሚያቆስል በጥንቃቄ ይጠቀሙ።
- ድድ ሲቆጣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ሟሙቶ መጉመጥመጥ ይቻላል፤ ግን ይትፉት፤ አይዋጡት።
- ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት ሌሊት አውልቀው ውኃ ውስጥ ያኑሩት።
- ከተቻለ በየስድስት ወሩ የጥርስ ምርመራ ያድርጉ። በወር አንዴ ደግሞ በመስታወት ፊት ከንፈርዎን ገለጥ አድርገው ድድዎን ይመልከቱ።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

*ክኒኑን ለጥቂት ቀን አቁሜ ድዴ ይመለስ እንደሆነ ልሞክር?* አይሞክሩ። ድድ በጥቂት ቀን አይመለስም፤ ግፊቱ ግን በቀናት ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ክሎኒዲን እና በ"ሎል" የሚያልቁት በተለይ በድንገት ከተቋረጡ ግፊቱ ወይም የልብ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

*ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ኒፌዲፒን ታዝዞልኛል፤ ድዴም ይደማል። ምን ላድርግ?* እርግዝናውም መድኃኒቱም ድድን ያሳብጣሉ። መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ በእርግዝና ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ለእናትም ለጽንስም አደጋ ነው። የጥርስ እጥበት በእርግዝና ወቅት ማድረግ ይቻላል። በ"ፕሪል" እና በ"ሳርታን" የሚያልቁት ግን ጽንስን ስለሚጎዱ እየወሰዱ ካረገዙ ወዲያውኑ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

*በጾም ወቅት አፌ ይደርቃል፤ ክኒኑን ልተወው?* አይተዉት። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ብዙ መድኃኒቶችን ወደ ማታ ወይም ወደ ምግብ ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ሽንት የሚያሸና የሚወስዱ ከሆነ ይህ ምክር ይበልጥ ያስፈልግዎታል። በሚበሉበት ሰዓት በቂ ውኃ ይጠጡ፤ ከመጨረሻው ምግብ በኋላም ጥርስዎን ይቦርሹ።

*ያደግሁት በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ጥርሴ ቡናማ ነው። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይጎዳኛል?* አይጎዳዎትም። ያ ቀለም የመጣው ጥርስዎ በልጅነት ሲሠራ በውኃው ውስጥ በነበረው የበዛ ፍሎራይድ ነው። አድጎ ያለቀ ጥርስ በሳሙና አይበልዝም። በአካባቢው የሚኖሩ ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን ስለእነሱ የጥርስ ሐኪም ያማክሩ።

ሐኪም መቼ ልይ?

ወዲያውኑ፦ ከንፈር፣ ምላስ፣ ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ፤ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተ፤ ድምፅ በድንገት ከተለወጠ፤ የጥርስ እብጠት ትኩሳት ይዞ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ንጹሕ ጎዝ ለ30 ደቂቃ ነክሰው ደሙ ካልቆመ።

በሳምንት ውስጥ፦ ድድ ጥርስን መሸፈን ከጀመረ፤ በምላስ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፤ ቁስል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፤ በጣዕም መጥፋት ምክንያት ምግብ ከተዉ።

በቀጣዩ ክትትል፦ ቀለል ያለ የአፍ መድረቅ፣ ሲቦርሹ የሚታይ ጥቂት ደም፣ የጣዕም ለውጥ። በክትትል ቀን ጊዜው አጭር ስለሆነ ሐኪሙ ግፊትዎን ለክቶ ክኒን ጽፎ ሊያሰናብትዎት ይችላል። ከመነሣትዎ በፊት "ይህን መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ አፌ ላይ ይህን አየሁ" ብለው ይናገሩ፤ መቼ እንደጀመረም ይግለጹ። ግፊትዎንም አፍዎንም የሚስማማ መድኃኒት መፈለግ የሚቻለው ሐኪሙ ይህን ሲያውቅ ነው።